ከሞተ ዛፍ ቅርፊት ስር የሚኖሩትን ሻጋታ በል ጥንዚዛዎች እንዴት ፈልገን እንያቸው? (በተለይ ለሰሜን ሸዋ ሰው)

የሞተ ግንድ ቅርፊት ገለጥ ስታደርጉ ስሩ የሚሯሯጡ ጥቃቅን ቡናማ ነገሮች አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? አብዛኛው ሰው ነቀዝ ነው ብሎ ያልፋቸዋል፣ አንዳንዱ ደሞ እንጨቱን የሚጨርሱት እነሱ ናቸው ብሎ መድኃኒት ይረጭባቸዋል። ብዙዎቹ ግን እንጨቱን ንክች አያደርጉም፣ የሚበሉት እንጨቱ ላይ የበቀለውን ፈንገስ ነው፣ ሻጋታውን፣ ነጩን ክር፣ ዱቄት የመሰለውን ስፖር (ፈንገሱ የሚራባበትን)፣ ከግንዱ ላይ ወጥቶ የሚደርቀውን ጠንካራ እንጉዳይ። ስለዚ እነሱን ማየት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መፈለግ ያለበት ፈንገሱን ነው፣ ፈንገሱ ካለ ጥንዚዛው የትም አይሄድም። እኔ ይሄን የምጽፈው ከደብረ ብርሃን እስከ ደብረ ሲና፣ አንኮበርና ወፍ ዋሻ ድረስ ያለው አገራችን ለዚህ ነገር እጅግ የታደለ ሆኖ ሳለ ዞር ብሎ የሚያየው ሰው ስላነሰ ነው።

ሳይዛቸውን ካሁኑ ልንገራችሁ፣ አብዛኞቹ ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ ትንሾቹ የጤፍ ፍሬ ቢያክሉ ነው። ስለዚ ዓይናችሁ ትልቅ ነገር ከጠበቀ ምንም ሳታዩ ትመለሳላችሁ።

የቱ ዛፍ ላይ እንፈልግ ለሚለው፣ የሞተ ዛፍ ሁሉ እኩል አይደለም። የሐበሻ ጥድና ወይራ ከሞቱም በኋላ ፈንገስ ቶሎ አይደፍራቸውም፣ አባቶቻችን ለአጥር ቋሚና ለቤት ምሰሶ የመረጧቸውም በዚሁ ምክንያት ነው፣ ስለዚ የወደቀ ጥድ ስታዩ ብዙ ተስፋ አታድርጉ፣ በጣም አርጅቶ እርጥበት ውስጥ የተኛ ካልሆነ በቀር። ደጋው ላይ ኮሶ ካገኛችሁ ግን እሱ ጋ ቁሙ፣ እንጨቱ ለስለስ ያለ ነው፣ ቅርፊቱም ወፍራምና የሚላላጥ ስለሆነ ስሩ ክፍተት ይፈጠራል። ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርዱ ብሳና፣ ሾላ፣ ዋንዛ እያለ ይቀጥላል፣ ብሳና በተለይ ወዲያው ስለሚበሰብስ በጣም ጥሩ ነው። ከዛ ዝቅ ብሎ ቆላው ውስጥ ምስጡ ይበዛና ግንዱን ቀድሞ ይጨርሰዋል፣ እዛ መሬት የነካ እንጨት ትታችሁ ቆሞ የደረቀውን ወይ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለውን እዩ።

ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለን ሰዎችስ? ባህር ዛፍ አለን፣ እሱም ይሆናል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ባህር ዛፍ በቁሙም እያለ ልጣጩን ስለሚጥል መሬት ላይ የተከመረው ደረቅ ልጣጭ ያታልላችኋል፣ እሱ ውስጥ ሸረሪት እንጂ የምንፈልገው ነገር ብዙ የለም። የሚሻለው ተቆርጦ እንደገና ሳያቆጠቁጥ የቀረ አሮጌ ጉቶ ነው፣ ወይም ጥላ ስር ክረምት አልፎበት የተረሳ ጉማጅ። የማገዶ ክምር ያላችሁ ሰዎች ደሞ የታችኛውን ድርድር እዩት፣ መሬት የነካውንና ጸሐይ የማያገኘውን፣ ከቤታችሁ ሳትወጡ ልትጀምሩ ትችላላችሁ። ጓሳን የምትሉኝ ካላችሁ፣ ጓሳ ውብ ነው ግን አብዛኛው ሳርና ቁጥቋጦ ስለሆነ ለዚህ ስራ ወፍ ዋሻ ይበልጠዋል።

ከዛፉ ዓይነትም በላይ ወሳኙ ነገር ግንዱ ከሞተ ምን ያህል ቆየ የሚለው ነው። በቅርብ የሞተ ዛፍ ቅርፊቱ ጥብቅ ነው፣ በቢላ ብትጫኑት እንኳ አይላቀቅም፣ በግድ ብታስነሱት ስሩ እንጨቱ ላይ የተቀረጸ መንገድ መንገድ ታያላችሁ፣ አንድ ዋና መስመርና ከሱ ግራና ቀኝ የሚወጡ ቅርንጫፎች። እሱን የሚሰሩት ቅርፊት ቦርቧሪ የሚባሉት ሌሎች ጥንዚዛዎች ናቸው፣ ከዘመዶቻቸው መሀል ደሞ የሚገርሙ አሉ፣ እንጨቱን ሰርስረው ይገቡና ሰውነታቸው ላይ ባለች ኪስ ይዘውት የመጡትን ፈንገስ ግድግዳው ላይ ዘርተው፣ ተንከባክበው፣ ራሳቸውም ልጆቻቸውም እሱን ይበላሉ፣ እርሻ ማለት ነው በቃ። ግን ዛሬ የምናወራው ስለነሱ አይደለም። የኛዎቹ የሚመጡት ከነሱ ቀጥሎ ነው፣ ቅርፊቱ ላላ ብሎ በጣት ስትጫኑት ገባ ወጣ ሲል፣ ስታሸቱት የእንጉዳይና የርጥብ አፈር ሽታ ሲኖረው፣ ጠርዙን ስታነሱት ነጭ ክር ክር ሲታያችሁ፣ አለቀ፣ ደርሳችኋል። ከዛ አልፎ ቅርፊቱ ረግፎ እንጨቱ በጣት የሚፈረፈር ከሆነ ደሞ ጊዜው አልፏል፣ ሌሎች ነዋሪዎች ገብተውበታል፣ ያኔ የኛዎቹ የሚተርፉት በዋናነት ግንዱ ላይ በወጣው እንጉዳይ ውስጥ ነው።

እንጨቱ ራሱም ምን ዓይነት ፈንገስ እንደያዘው ይናገራል። ነጣ ብሎ እንደ ክር የሚሰነጣጠቅ ከሆነ እንጨቱን ጠንካራ የሚያደርገውን ሊግኒን የሚባለውን ነገር ጭምር የሚበላ ፈንገስ ነው ያለው፣ ቡናማ ሆኖ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ የሚሰባበር ከሆነ ደሞ ሴሉሎሱን በልቶ ሊግኒኑን የሚተው ነው። ይሄን ማስታወሻ ላይ ጻፉት፣ ምክንያቱም ጥንዚዛዎቹም ይመርጣሉ፣ አንዱ ፈንገስ ላይ የሚበዛው ሌላው ላይ ላይገኝ ይችላል።

ጊዜውን በተመለከተ ክረምት ሊወጣ ሲል፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ያለው ምርጥ ነው፣ እንጨቱ ጠግቦ ጠጥቷል፣ ፈንገሱ ፈክቷል። በልግ በደንብ ከጣለ መጋቢትና ሚያዝያም ጥሩ ነው። ኅዳርና ታህሳስ ላይ ውርጩ ሲበረታ አይጠፉም፣ ወፍራም ቅርፊት ስር ተሰብስበው ይቀመጣሉ እንጂ፣ ግን ግንዱ ከላይ ስለሚደርቅ በታችኛው ጎን መፈለግ አለባችሁ። በቀን ውስጥ እኔ የምመርጠው ጠዋቱን ነው፣ ብርድ ስለሆነ ቀርፋፋ ናቸው፣ ፎቶ ለማንሳት ጊዜ ይሰጧችኋል፣ እኩለ ቀን ላይ ጸሐይ ሲያገኛቸው ግን ዓይናችሁ እያየ ስንጥቅ ውስጥ ይገባሉ።

ከመነካካታችሁ በፊት ጠይቁ። ይሄ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። የገበሬ አጥር ስር ያለ ጉማጅ የሰው ማገዶ ነው፣ "ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ፣ እቺን ግንድ ቅርፊቷ ስር ያለውን ነፍሳት ልይና መልሼ ልክደናት?" ብትሉ እምቢ የሚል ሰው የለም፣ እንዲያውም ሌላ የተሻለ ጉቶ ያሳዩዋችኋል። የቤተክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ከሆነ ደሞ ቄሱን ሳታስፈቅዱ ጭራሮ እንኳ አታንሱ። ወፍ ዋሻ ጥብቅ ደን ስለሆነ ጠባቂዎቹን አናግሩ፣ እዛ በዓይን አይቶ ፎቶ አንስቶ መመለስ ይበቃል። ለጥናት ብሎ ናሙና መሰብሰብ፣ በተለይ ወደ ውጭ አገር መላክ፣ ፈቃድ ይፈልጋል፣ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው መስሪያ ቤት ነው የሚመለከተው፣ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ። የውጭ ሰው "ትንሽ ሰብስብልኝና ላክልኝ" ካላችሁ መጀመሪያ ፈቃዱን ያሳያችሁ።

የምትይዙት ዕቃ ብዙ አይደለም። ደንደን ያለ ቢላ ወይ ሰንጢ፣ ነጭ ጨርቅ ወይ ነጭ ትሪ፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ ክዳን ያላቸው ትንንሽ የመድኃኒት ብልቃጦች፣ ሲባጎ፣ ባትሪ፣ አጉሊ መነጽር 10 እጥፍ የሚያጎላ ከተገኘ፣ እና ስልክ። ስልክ ላይ የሚቆነጠጥ ማክሮ ሌንስ ካላችሁ በጣም ይረዳል። አስም ያለበት ሰው ማስክ ያድርግ፣ የሻጋታ ብናኝ ቀልድ አይደለም። ቆላ ከሆናችሁ ጊንጥ ቅርፊት ስር መኖር ይወዳል፣ ባዶ እጃችሁን ስንጥቅ ውስጥ አታስገቡ፣ መጀመሪያ በእንጨት ነካ ነካ አድርጉት። ቆሞ የደረቀ ትልቅ ዛፍ ስር ደሞ ንፋስ ባለበት ቀን አትቁሙ።

አሁን ወደ ቅርፊቱ። ጨርቁን ከስር አንጥፉ፣ ከዛ ከላላው ጠርዝ ጀምራችሁ ቢላውን በጠፍጣፋው አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንሱት፣ አትገንጥሉት፣ እንደ በር እንዲከፈት ነው የምንፈልገው። የመዳፍ ያህል ስፋት ይበቃል። ሲከፈት ወዲያው እጃችሁን አትላኩ፣ ዝም ብላችሁ እዩ፣ ሁለቱንም ገጽ፣ የእንጨቱንም የቅርፊቱንም የውስጥ ገጽ፣ ምክንያቱም ግማሾቹ ከቅርፊቱ ጋር ተነስተው ይሄዳሉ። መጀመሪያ የሚታያችሁ ነጩ የፈንገስ መረብ ነው፣ ቀጥሎ አንዳንድ ቦታ ላይ መረቡ ተግጦ ባዶ የሆነ ነጠብጣብ፣ ዙሪያው ጥቁር ወይ ቡናማ ደቃቅ ፍርፋሪ ያለበት። እሱ የበሉበት ቦታ ነው፣ ፍርፋሪውም ኩሳቸው ነው። እዛ አካባቢ ዓይናችሁን ስታቆዩ የእንጨቱ አካል የመሰለ ጠፍጣፋ ነገር በድንገት እግር አውጥቶ ይሄዳል። በጣም ጠፍጣፋ ናቸው አንዳንዶቹ፣ ወረቀት በማያስገባ ክፍተት ውስጥ ይሽሎከለካሉ፣ ሌሎቹ ደሞ ሲነኩ እግራቸውን ሰብስበው የሞቱ ይመስላሉ፣ እነሱን ትንሽ ጠብቋቸው ይነሳሉ። ለማንሳት ጣት አይሆንም ትጨፈልቋቸዋላችሁ፣ ብሩሹን ጫፉን እርጥብ አድርጋችሁ ነካ ስታደርጓቸው ተለጥፈው ይመጣሉ።

ስትጨርሱ ቅርፊቱን መልሱት። ይሄን ሁሌ እላለሁ ሁሌም እላለሁ። ቅርፊቱ ከተነሳ የተገለጠው ገጽ ቶሎ ይደርቃል፣ እዛ ያለው ፈንገስ ይጎዳል፣ ስሩ የነበሩት እጮች መሸሽ ስለማይችሉ አብረው ያልቃሉ። ወደ ቦታው መልሳችሁ በሲባጎ ሁለት ቦታ እሰሩት፣ ካስፈለገ ድንጋይ አስደግፉት። ከአንድ ግንድ ላይም ሩቡን ያህል እንኳ አትክፈቱ፣ ሌላ ግንድ ፈልጉ። ፎቶ ለማንሳት ብሎ ሙሉ ግንድ ልጦ የሚሄድ ሰው ሳይ በጣም ነው የማዝነው።

ያያችሁት ነገር ጥንዚዛ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ጀርባው ላይ ሁለት ጠንካራ ክንፎች መሀል ላይ ቀጥ ባለ መስመር ይገጥማሉ። የሚፈናጠር ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥንዚዛ አይደለም (የሚፈናጠሩ ጥንዚዛዎችም ግን አሉ)፣ ስምንት እግር ካለው አይደለም። ጀርባው ሙሉ ሳይሸፈን ሆዱ ወጥቶ የሚታይ፣ ስትነኩት ጭራውን እንደ ጊንጥ የሚያነሳ ቀጭን ካገኛችሁ ጥንዚዛ ነው ግን አብዛኞቹ የሱ ወገኖች አዳኞች ናቸው። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ድቡልቡል ያለውም ብዙ ጊዜ እንደዛው አዳኝ ነው።

ከፈንገስ በሎቹ መሀል በየቤተሰባቸው፣ ማለትም በየዘመድ ዝርያዎች ስብስባቸው፣ የምትለዩባቸውን ጥቂት ምልክቶች ልንገራችሁ። በጣም ጠፍጣፋ ሆኖ ደረቱ ላይ ግራና ቀኝ ቀጭን መስመር የተሰመረበት ከሆነ ሌሞፍሎይዴ ከሚባለው ቤተሰብ ነው። ወገቡ ጠበብ ብሎ ክንፉ ላይ የነጥብ ረድፍ ረድፍ ያለው፣ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቡናማ ላትሪዲዴ ነው፣ እሱ ሻጋታና ስፖር ነው ምግቡ። ጀርባው በደቃቅ ፀጉር የተሸፈነ፣ አንዳንዴ ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት ማይሴቶፋጊዴ ነው። ከሁሉም የሚያምረው ኤሮታይሊዴ ነው፣ ከነዚህ ሁሉ ተለቅ ይላል፣ የሚያብለጨልጭ፣ ብዙ ጊዜ ጥቁር ላይ ቀይ ወይ ብርቱካናማ ምልክት ያለው፣ የአንቴናው ጫፍ ወፈር ያለ። እጮቹም አብረው ስላሉ አትለፏቸው፣ ራስና ስድስት እግር ያለው የጥንዚዛ እጭ ነው፣ እግር የሌለው ነጭ ትል ከሆነ የዝንብ ሊሆን ይችላል።

እንጉዳዩን ደሞ አትርሱ። ግንዱ ላይ ግማሽ ክብ ሆኖ እንደ መደርደሪያ የሚወጣውን ጠንካራውን ማለቴ ነው፣ የጅብ ጥላ ከምንለው ለስላሳው የተለየ ነው። አንዱን ከስሩ ገልብጣችሁ እዩት። ታችኛው ገጽ የተፈጥሮ ደቃቅ ቀዳዳ አለው፣ ስፖሩ የሚወጣበት፣ እሱ እኩል እኩልና የተደረደረ ነው። ከዛ ለየት ብሎ በመርፌ የተወጋ የመሰለ፣ ክብ፣ እዚም እዛም የተበታተነ ቀዳዳ ካያችሁና ከስሩ ዱቄት የመሰለ ነገር ከተጠራቀመ ውስጡ ሰው አለ ማለት ነው። እነዚህ ሲይዴ ናቸው፣ እንቁላል፣ እጭ፣ ፑፓ (እጩ ወደ ትልቅ ጥንዚዛ የሚለወጥበት ደረጃ)፣ ትልቁም ሁሉም እዛው አንድ እንጉዳይ ውስጥ ነው የሚኖሩት፣ ትውልድ በትውልድ ላይ እስኪቦረቡሩት ድረስ። ወንዶቹ በብዙ ዝርያዎች ላይ ራሳቸው ላይ ወይ ደረታቸው ላይ ቀንድ አላቸው፣ 2 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ፍጥረት ላይ ቀንድ በአጉሊ መነጽር ስታዩ የምትረሱት ነገር አይደለም። በዓለም ላይ ትንሹ የሚባለው ጥንዚዛም የእንጉዳይ ነዋሪ ነው፣ ሳይዶሴላ ሙሳዋሴንሲስ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ከኒካራጓ ነው ለሳይንስ የታወቀው፣ በኋላ ኮሎምቢያ ላይ ተገኝቶ ሲለካ ትንሹ 0.325 ሚሊ ሜትር ወጣ። የሱ ዘመዶች ክንፋቸው የላባ ቅርጽ ያለው ነው፣ በዓይን አይታዩም ማለት ይቻላል፣ እነሱን ለማግኘት ማጥለያ ያስፈልጋል።

ማጥለያውን በሃይላንድ መስራት ይቻላል። የሁለት ሊትር ሃይላንድ ከላይ ሲሶው ጋ ቁረጡት፣ አፉ ያለበትን ክፍል ገልብጣችሁ ታችኛው ላይ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ አስቀምጡት፣ ክዳኑን ማውጣት እንዳትረሱ። አፉ ላይ ከአሮጌ ወንፊት የተቆረጠ ሽቦ አድርጉ፣ በሱ ላይ የተፈረፈረ ቅርፊትና የበሰበሰ እንጨት ሙሉት። ከስር ወይ እርጥብ ሶፍት አድርጉ በሕይወት ከፈለጋችኋቸው፣ ወይ ለጥናት ፈቃድ ኖሯችሁ ማቆየት ከፈለጋችሁ 70 ፐርሰንት አልኮል። ከላይ እየደረቀ ሲመጣ እርጥበት ፍለጋ ወደ ታች ይወርዱና ይገባሉ። ድሮ ከላይ አምፖል ይደረግ ነበር፣ አሁን ያሉት ኤልኢዲ አምፖሎች ግን ሙቀታቸው ትንሽ ስለሆነ ብዙም አይጠቅሙም፣ ከላይ በስስ ጨርቅ ሸፍናችሁ ነፋሻ ቦታ ሳምንት ያህል ብታቆዩት በራሱ ይደርቃል። ቀጥታ ጸሐይ ላይ አታድርጉት ሳይወርዱ ይሞታሉ።

ፎቶ ስታነሱ ደሞ ከጥንዚዛው ጎን የሚሊ ሜትር ማስመሪያ አድርጉ፣ ከላይ፣ ከጎን፣ ከቻላችሁ ገልብጣችሁ ከሆዱ በኩልም አንሱ፣ አንቴናው በደንብ ፎከስ ውስጥ ይግባ፣ ለመለየት ትልቁ ቁም ነገር እዛ ነው ያለው። ከዛ ፈንገሱን ከላይና ከታች፣ ከዛ ዛፉን። ያለ ፈንገሱ ፎቶ የጥንዚዛው ፎቶ ግማሽ ነው። ቦታውን፣ ቀኑን፣ ከፍታውን ስልካችሁ ላይ ሴቭ አድርጉ፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ነው፣ ደብረ ሲና ስትወርዱ ብዙ ይቀንሳል፣ ነዋሪውም ይለያያል።

ሰው ቤትም ገብተው የሚታዩ ዘመዶች አሏቸው። አዲስ የተለሰነ ግድግዳ ላይ የሚታዩት ጥቃቅን ቡናማዎች ብዙ ጊዜ ላትሪዲዴ ናቸው፣ ግድግዳው ሳይደርቅ ሻግቶ ነው የመጡት፣ መስኮት ከፍታችሁ ስታደርቁት ይሄዳሉ። ጎተራ ውስጥም አሃስቬረስ አድቬና እና ታይፊያ ስተርኮሪያ የሚባሉ አሉ፣ 2 ወይ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ፣ እነሱም በዋናነት የሚፈልጉት እርጥብ እህል ላይ ያለውን ሻጋታ ነው። እነሱን ካያችሁ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት እህሉን ቼክ አድርጉት፣ እጃችሁን አስገቡበት፣ ከሞቀና ከሸተተ ቶሎ አውጥታችሁ ጸሐይ ላይ አስጡት፣ የሻገተውን ለዩት፣ ለሰውም ለከብትም አትስጡት።

የትኛው ጥንዚዛ የትኛውን ፈንገስ እንደሚበላ በእርግጠኝነት ማወቅ የምትፈልጉ ደሞ አንድ የተቦረቦረ ደረቅ እንጉዳይ ወስዳችሁ ሰፊ አፍ ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርጉ፣ በክዳኑ ፈንታ ጥቅጥቅ ያለ ሻሽ በላስቲክ እሰሩበት። በየሳምንቱ ሻሹ ላይ ጥቂት ውሃ እፍ በሉበት፣ ከስሩ ጠል ካቆረ አብዝታችኋል ማለት ነው ክፈቱትና ይናፈስ፣ አለበለዚያ ሌላ ሻጋታ ገብቶ ሁሉንም ያበላሽባችኋል። ቤት ውስጥ ጸሐይ በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ። ብርድ አገር ስለሆንን ጊዜ ይፈጃል፣ ሳምንታትም ወራትም ሊወስድ ይችላል፣ ታገሱ። ዕቃው ላይ ወረቀት ለጥፋችሁ የዛፉን ስም፣ ቦታውን፣ የወሰዳችሁበትን ቀን በእርሳስ ጻፉ፣ እስክሪብቶ ርጥበት ሲነካው ይለቃል። ከውስጡ የሚወጡት ጥንዚዛዎች እዛው ያደጉ ስለሆኑ ማስረጃችሁ ጠንካራ ነው፣ ፎቷቸውን ከእንጉዳዩ ፎቶ ጋር አድርጋችሁ አይናቹራሊስት የሚባለው፣ ሰዎች ያዩትን እንስሳና ዕፅዋት ፎቶ የሚጭኑበት ድረ ገጽ ላይ ጫኑት። እስከ ቤተሰብ ድረስ የሚለይላችሁ ሰው ብዙ ጊዜ ይገኛል፣ እስከ ዝርያ ግን ከፎቶ ብቻ አስቸጋሪ ነው፣ ለዛ ናሙናው በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት፣ ስለዚ ማስታወሻችሁን አትጣሉት።